ሰማያዊው ሬጅመንት ሰማያዊ አልለበሰም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ከባሕር ዳር

ባለፈው እትም ትንንሽ ወታደሮችን ስለ መቀባት አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የለንደን ከተማ ሚሊሻ ምን ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ይለብስ ነበር? ለካ በዚህ ሙያ የተለከፈው እኔ ብቻ አይደለሁም። ደስ ብሎኛል።

ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጣናን ፊት ለፊት እያየሁ፣ የአውራ ጣት የሚያህሉ ወታደሮችን እቀባለሁ። ልብስ ያዘለውን ቀለም ሳላይ ማለፍ አልችልም። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ አንድ ካርቶን የፕላስቲክ ወታደር ላከልኝ። ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቶኑ ላይ ‹የለንደን ሰማያዊ ሬጅመንት› ይላል። እኔም 36ቱንም ከኮታቸው እስከ ካልሲያቸው ሰማያዊ ቀባኋቸው። ጓደኛዬ ሲያያቸው ‹ተሳስተሃል› አለኝ። ማነው ልክ?» ከአባይ ማዶ

ልጄ፣ ጓደኛህ ልክ ነው። ግን አትዘን። ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንዳንተው ነው የቀባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1642 መጀመሪያ፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው ሊዋጉ ሲቃረቡ፣ የለንደን ከተማ ሚሊሻ እንደ አዲስ ተደራጀ። 40 ጓድ ሆነ፤ በእያንዳንዱ ጓድ 200 ሰው፣ በድምሩ 8,000። እነዚህ ጓዶች በስድስት ሬጅመንት ተከፈሉ። ስማቸውም ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ረዳት ሬጅመንቶች ሲጨመሩ፣ እነሱም በነዚሁ ስድስት ቀለሞች ተጠሩ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ሁለት «ሰማያዊ» ነበር ማለት ነው።

ቀለሙ ግን የባንዲራው ነው። የሰዎቹ ልብስ አይደለም።

ሰዎቹ እነማን ነበሩ? የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ሱቅ ያላቸው፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሠሪዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ በነሱ ቤት ሙያ የሚማሩ ወጣቶች። ቀን ተቆርጦላቸው ወጥተው ይሠለጥኑና ማታ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የደንብ ልብስ የሚያድላቸው አልነበረም። ነፍጡን ወይም ረጅሙን ጦር ይዞ ሲወጣ የለበሰው የራሱን ኮት ነው። ትናንት ሱቁ ውስጥ ቆሞበት የነበረውን ኮት ማለቴ ነው።

የኛን ክተት አስብ። ነጋሪት ሲጎሰም ባላገሩ ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ጋሻና ጦሩን አንግቦ፣ በራሱ እጀ ጠባብ፣ በራሱ ጋቢ ይመጣል። የደንብ ልብስ ይሰጠኝ የሚል የለም። እነዚህ የለንደን ሰዎች ሲሰለፉ እዚህ ጣና ዙሪያ የነገሡት አፄ ፋሲል ነበሩ፤ ከ1632 እስከ 1667። ጎንደርን ዋና ከተማ ካደረጉ ገና ጥቂት ዓመት ነው። የአፄ ፋሲል ዘማችና የለንደኑ ዳቦ ጋጋሪ በአንድ ነገር ይመሳሰሉ ነበር፤ ሁለቱም ከቤታቸው የወጡት በየራሳቸው ልብስ ነው።

አሁን 36ቱን ምን ታደርጋቸዋለህ? ቀለሙን አትፋቀው። ከነሱ መሀል አራቱን ኮታቸውን ሰማያዊ እንደሆነ ተውላቸው፤ ሱሪያቸውን ግን ቀይር። ኮትና ሱሪ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የቀሩትን በላዩ ቀባባቸው። እኔ አሥር ሰው ስቀባ አራቱን በተለያየ ቡናማ፣ ሦስቱን በግራጫ፣ አንዱን በጠቆረ፣ አንዱን በሸክላ ቀይ፣ አንዱን በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ አደርጋለሁ። ይህ የኔ የእጅ ልማድ ነው። አንተ በዓይንህ ለውጠው። አጠገብ ላጠገብ የቆሙ ሁለት ሰዎች ብቻ አንድ ዓይነት አይሁኑ።

ሁሉንም የሚያገናኝ ነገር ሲፈለግ አንገታቸውን እይ። ከተልባ አገዳ በሚሠራ ጨርቅ የተሰፋ ነጭ ኮሌታ አለ። እሱን በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ነጭ ቅባ። በጣም የነጣ አይሁን፤ ነጠላ ሁለት ጊዜ ታጥቦ የሚይዘውን ነጭ አስብ። ባርኔጣው ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። አንዳንዱ ሞንመዝ የሚባል በሹራብ የተሠራ ቡናማ ቆብ ያደርጋል። ካልሲው እንደ ነጭም እንደ ግራጫም ነው።

ሬጅመንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አልብሶ ማየት ካማረህ ሌላ ጦር ምረጥ። በዚያው ጦርነት ባለሀብቱ ወይም ባለማዕረጉ ለሰዎቹ አንድ ዓይነት ጨርቅ የገዛበት ሬጅመንት ሞልቷል። በፓርላማው ወገን የጆን ሃምደን ሰዎች አረንጓዴ ለብሰዋል። የዴንዚል ሆልስ ቀይ። የሎርድ ብሩክ ሐምራዊ። በንጉሡ ወገን የኒውካስል ሰዎች ነጭ ኮት ነበራቸው፤ ነጭ ሲባል ያልተነከረ ሱፍ ነው። በ1645 ደግሞ ፓርላማው አዲስ ጦር ሲያቋቁም ሁሉንም ቀይ ኮት አለበሳቸው። የእንግሊዝ ወታደር ለረጅም ዘመን ቀይ ለባሽ ሆኖ የቆየው ከዚያ ወዲህ ነው። ለዚያ ጦር ልብስ ሲገዛ የተጻፈው ውል ኮቱ ቀይ፣ ሱሪው ግራጫ ወይም ሌላ ጥሩ ቀለም ይሁን ይላል። ጨርቁም ከመሰፋቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ እንዲሰበሰብ ያዛል። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ያን ውል ያረቀቀው ሰው ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ነው። ሳይሰበሰብ የተሰፋ ሱፍ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው እጅጌው ክንድ ላይ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ልጆቼ ሲቀቡ አብሬ እቀባለሁ። ቀዩን ቀይ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ፣ ከጠርሙሱ እንደ ወጣ ነው የማደርገው። እርስዎ ግን ባለፈው ‹አደብዝዙት› ብለው ጽፈዋል። የድሮ ሰው ደማቅ ቀለም አይወድም ነበር እንዴ?» ከጎንደር፣ የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ይህን ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የድሮ ሰው ደማቅ ቀለም እጅግ ይወድ ነበር። የሚገዛበት ገንዘብ ነው ያልነበረው።

ማቅለሚያ ክፍል የገባሁ ቀን የሆነውን ልንገርዎ። አለቃችን ከቀለም ገንዳ ውስጥ አንድ እጅ ጨርቅ አወጡ። ሰማያዊ እየነከርን ነው ተብዬ ነበር። ጨርቁ ግን እንደ ሎሚ ልጣጭ ነው፤ አረንጓዴ ቢጫ። ተሳስተዋል ብዬ አሰብኩ። «ዝም ብለህ እይ» አሉኝ። ውሃው እየተንጠባጠበ ነፋስ ሲነካው ጫፉ አረንጓዴ፣ ከዚያ ውሃ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ዓይኔ እያየ። ቀለሙ ገንዳ ውስጥ ሳለ እንዲሟሟ ይደረጋል። ሲወጣ ከአየሩ ኦክስጅን ይወስድና ሰማያዊነቱን ያገኛል፤ ክሩ ውስጥም እዚያው ይቀራል። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሰማያዊም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቅጠሉ ዎድ ይባላል። ከሕንድ የሚመጣው ኢንዲጎ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ነገር ዎድ ውስጥም አለ፤ መጠኑ ግን በጣም ያንሳል። ስለዚህ ጥልቅ ሰማያዊ የፈለገ ሰው ጨርቁን ደጋግሞ መንከር አለበት። መንከር ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። የድሃ ሰማያዊ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ የተነከረ ነው። ጣና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ የሚታየው ዓይነት ፈዛዛ ሰማያዊ።

ቀዩ ማደር ከሚባል ተክል ሥር ይገኛል። ጨርቁ መጀመሪያ በአሉም ይቀቀላል፤ አሉም ቀለሙን ከሱፉ ጋር የሚያስተሳስር ጨው ነው። የሚወጣው ቀይ የቲማቲም ቀይ አይደለም። የበርበሬ ዱቄት ነው። ደረቅ፣ ትንሽ ወደ ሸክላ የሚያደላ። ለወታደር ኮት የሚሆነው ቀይ ይህ ነው። የሚያንጸባርቀው ቀይ ኮችኒል ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ነበር የሚሠራው። ከሜክሲኮ በመርከብ ይመጣል፤ ዋጋው አይቀመስም። እሱን ለአንድ ሀብታም ሻምበል መቀነት ያስቀምጡለት።

ቢጫው ዌልድ ከሚባል ተክል ነው። አረንጓዴ ግን ራሱን የቻለ ተክል የለውም። ጨርቁ በዎድ ሰማያዊ ይሆንና በላዩ ዌልድ ይነከራል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ፀሐይ ቢጫውን ቀድማ ትበላዋለች፤ ሰማያዊው ይቆያል። ስለዚህ አሮጌ አረንጓዴ ኮት ትከሻው ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንድ አረንጓዴ ለባሽ ሲቀቡ ብብቱንና የጨርቁን እጥፋት አረንጓዴ ያድርጉ፤ ትከሻውንና ጀርባውን አንድ ጠብታ ሰማያዊ ግራጫ ይጨምሩበት። ያ ሰው ሦስት ክረምት በዚያ ኮት እንዳሳለፈ ማንም ያይልዎታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግሁበት ወታደር እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ላይ ፊት ለፊት ነው የቆመው።

ጥቁርም ውድ ነው። በኦክ ዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭና ከብረት ጨው ይሠራ ነበር። በደንብ ያልተሠራ ጥቁር ከጊዜ በኋላ ወደ ቡናማ ይዝጋል። ንጹሕ ጥቁር ከጠርሙሱ አውጥተው አይቀቡ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቡናማ ያድርጉት።

የቀረው ሰው ሁሉ በጉ የሰጠውን ለብሷል። እርስዎ ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ የመንዝ በርኖስ ማን ነከረው? ማንም። ጥቁር በግ ጥቁር፣ ቡናማ በግ ቡናማ ሰጠ። እንግሊዞችም ነጩንና ጥቁሩን ሱፍ አብረው አበጥረው ግራጫ ይፈትሉ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁሉም ቀለም ውስጥ አንድ ጠብታ ቡናማ ይጨምሩ። ሰማያዊው ውስጥም፣ ቀዩም ውስጥ፣ አረንጓዴውም ውስጥ ያው አንድ ቡናማ ይግባ። ያኔ ሠላሳው ሰው ሠላሳ ዓይነት ለብሶም አንድ አገር የበቀለ ይመስላል። በመጨረሻ የጎላውን ቦታ ትንሽ ያቅልሉት። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ከትልቅ ነገር ይልቅ ጠቁሮ ይታያል።

«ሠላም ጋሼ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዳንዶቹ ወታደሮች እጅጌው ወፍራም የሆነ ረጅም ኮት ለብሰዋል፤ ቆዳ ነው ይሉኛል። ቀለሙ ምንድን ነው? ደግሞ ደረታቸው ላይ በገመድ የተንጠለጠሉት ትንንሽ ነገሮች ምንድን ናቸው?» ከአዲስ አበባ

ቆዳ ነው። በፍ ኮት ይባላል። ወፍራም የበሬ ቆዳ በዓሣ ዘይት እየታሸ ይለፋል። ሲያልቅ ለስላሳ ይሆናል፤ ቀለሙም ከእርጎ እስከ ማር ይደርሳል። ቡናማ ጫማ አስመስለህ አትቅባው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የማር ቀለም ቅባ፤ ሲደርቅ እርጎ የመሰለ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ላዩን ዳሰስ አድርገው። ክርኑና የመቀነቱ ሥር ትንሽ ይጨልም፤ ሰው የሚነካው ቦታ ይቆሽሻልና።

ግን ለሁሉም አታልብስ። በ1640 ለንደን ውስጥ ደህና በፍ ኮት ከ10 ፓውንድ በታች አይገኝም ነበር። ያኔ ፓውንዱ 240 ፔኒ ነበር። የእግረኛ ወታደር የቀን ክፍያ ደግሞ 8 ፔኒ ነበር። አስላው፤ የ300 ቀን ክፍያ ይሆናል። ሳይበላ ሳይጠጣ። የለንደን ሚሊሻ መሀል ባለሱቅና ነጋዴ ስለነበረ ከሌላው ጦር ይልቅ እዚያ በፍ ኮት ብታበዛ ያምርብሃል። ከአሥር ሰው ለሁለቱ ይበቃል።

የተንጠለጠሉት የባሩድ ቀፎዎች ናቸው። እንደኛ ዝናር ቁጠራቸው፤ አንዱ ቀፎ ለአንድ ተኩስ የሚበቃ ባሩድ ይይዛል። ከእንጨት የተቀረጹ ናቸው። ያ ቅድም ያነሳሁት የ1645 ጦር ቀፎ ሲገዛ፣ ሦስት ጊዜ ዘይት ቀለም ተቀብተው ሰማያዊ እንዲሆኑ፣ ገመዳቸውም ሰማያዊና ነጭ ክር እንዲሆን በውል ተጽፏል። የአባይ ማዶው ልጅ፣ የተረፈህን ሰማያዊ እዚህ ላይ አውለው።

ባሩዱን ለመለኮስ ነፍጡ ላይ የሚቃጠለው ገመድ ደግሞ ቆሻሻ ነጭ ነው። ጫፉ ላይ በጣም ትንሽ ብርቱካናማ ጠብ አድርግ፤ ከጀርባዋ ጥቁር።

«እንደምን አሉ ጋሼ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የሚጠይቀኝን ቀለም ሁሉ ልግዛ ብል ደመወዜ አይበቃም። ትንሹ ስንት ነው?» ከሽምብጥ

እንደምን አለሽ ልጄ። ሰባት ይበቃሻል። ነጭ፣ ጥቁር፣ የአፈር ቡናማ፣ የማር ቢጫ፣ የሸክላ ቀይ፣ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ብርማ። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ይቀላቀላል። ሠዓሊዎች የሚገዙት የቱቦ አክሪሊክ ይሆናል፤ ግን በውሃ ቀጥኖ ሁለት ጊዜ ይቀባ። ወፍራም አንድ ጊዜ ከተቀባ ፊቱ ይጠፋል። ከመቀባቱ በፊት ወታደሮቹን በሳሙና እጠቢያቸው። የብርማውን ብሩሽ የሚያጥብበት ኩባያ ለብቻው ይሁን፤ አለበለዚያ ብልጭታው ሁሉም ቀለም ውስጥ ይገባል። ብሩሹን ፀጉሩን ወደ ታች አድርጎ ኩባያ ውስጥ እንዳያቆመው ተቆጪው። ሁለት ጥሩ ብሩሽ ከአሥር መናኛ ይበልጣል።

«አባቴ፣ ዘጌ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እማራለሁ። አንድ ወዳጄ የለንደን ሚሊሻ ባንዲራ ሣልልኝ አለኝ። ምን ልሣል? ደግሞስ የኛ አሣሣል ለዚህ ይሆናል?» ከዘጌ

ልጄ፣ ባንዲራው ያንተ ሥራ ነው። እንዳንተ የሚያምርለት የለም።

መደቡ የሬጅመንቱ ቀለም ነው። ቅርጹ አራት ማዕዘን፣ ጎኑ ሁለት ሜትር ያህል፣ ጨርቁ ሐር፣ ሥዕሉም በብሩሽ የተሣለ። እያንዳንዱ ጓድ የየራሱ ባንዲራ አለው። የኮሎኔሉ ባዶ ነው፤ ቀለሙ ብቻ። የሌተና ኮሎኔሉ በምሰሶው በኩል ላይኛው ጥግ ላይ ነጭ መደብ አለው፤ በነጩ ላይ ቀይ መስቀል። የሻለቃው ከዚያው ጥግ የሚወጣ እንደ ነበልባል የተወዛወዘ ነገር ይጨመርበታል። ከዚያ ሻምበሎቹ ይመጣሉ። አንደኛው ሻምበል አንድ ምልክት፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት። ጭስ ውስጥ የጠፋ ሰው ቀለሙን አይቶ ሬጅመንቱን፣ ምልክቱን ቆጥሮ ጓዱን ያገኛል።

ያ ቀይ መስቀል የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የቅዱስ ጊዮርጊስ። እኛ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ እንሥለዋለን። እንግሊዞች መስቀሉን ወስደው የአገራቸው ምልክት አደረጉት። እዚህ ባሕር ዳር ጊዮርጊስን ተሳልሜ በወጣሁ ቁጥር ያ ባንዲራ ትዝ ይለኛል። ሰማዕቱ አንድ፣ ሠዓሊዎቹ ሁለት።

አሣሣላችሁን በተመለከተ፣ ጥቁሩን መስመር አትተወው። እናንተ በቀለምና በቀለም መሀል ጥቁር መስመር ታሰምራላችሁ። 28 ሚሊ ሜትር ወታደር ላይ ከምንም በላይ የሚሠራው እሱ ነው። መቀነቱና ኮቱ በሚገናኙበት፣ ኮሌታውና አንገቱ በሚገናኙበት ቀጭን ጥቁር ቡናማ መስመር አስገባ። ከአንድ ክንድ ርቀት ሰውየው ይነቃል። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛውን በአንድ ዓይን መሣል ግን እዚህ አይገባም። ሁለቱም ወገን የሰው ልጅ ነው፤ ሁለቱም ሁለት ዓይን አለው።

«ጋሽዬ፣ ሁሉም በየራሱ ልብስ ከወጣ ወዳጅና ጠላት እንዴት ተለያዩ?» ከደብረ ታቦር

ጎበዝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ባለማዕረጎችና ፈረሰኞች መቀነት ነበራቸው። የፓርላማው ዋና አዛዥ የኤሴክስ መስፍን ሰዎች ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ፣ የንጉሡ ሰዎች ቀይ። ለተራው እግረኛ ግን ያ አይበቃም። ስለዚህ በውጊያው ጠዋት አንድ ምልክት ይታዘዛል።

በሴፕቴምበር 20 ቀን 1643 ኒውበሪ ላይ የለንደን ቀይና ሰማያዊ ሬጅመንቶች ከነረዳቶቻቸው ቆመው ነበር። ከለንደን ወጥተው፣ ንጉሡ ከቦት የነበረውን የግሎስተር ከተማ አስለቅቀው፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው መንገድ የተዘጋባቸው። ከቀዩ ሬጅመንት ሄንሪ ፎስተር የሚባል ሳጅን የሆነውን ሁሉ በዚያው ዓመት ጽፎ አሳትሟል። የፓርላማው ወገን ያን ቀን ባርኔጣው ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሰክቷል። ንጉሣውያኑ ይህን አዩ። አንድ የፈረሰኛ ክፍል እነሱም ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰኩና «ወዳጅ ነን! ወዳጅ ነን!» እያሉ ጋለቡባቸው። ለንደኖቹ አልተሸወዱም፤ ተኮሱባቸው።

ይህን ሳነብ የታየኝ ወታደር አልነበረም። ባርኔጣው ላይ ቅጠል የሰካ ልብስ ሰፊ ነው። ከቤቱ ከወጣ ሳምንታት አልፎታል። የመድፍ ድምፅ በዚህ ቅርበት ሰምቶ አያውቅም። ፈረስ እየጋለበ «ወዳጅ ነኝ» ሲለው ማመን አለማመኑን በአንድ ትንፋሽ መወሰን ነበረበት። ለዚህ ሰው የራሱን ኮት ማልበስ አለብን የምለው ለዚህ ነው። ኮቱ የደንብ ልብስ ከሆነ ሰውየው ይጠፋብናል።

በሚቀጥለው ዓመት ማርስተን ሙር ላይ ደግሞ የፓርላማው ወገን ነጭ ወረቀት ወይም መሐረብ ባርኔጣው ላይ አደረገ። ሰር ቶማስ ፌርፋክስ የሚባለው አዛዥ ብቻውን በጠላት መሀል ሲቀር ነጩን ከባርኔጣው አውጥቶ ጣለና የነሱ ሰው መስሎ አልፎ ሄደ። አንድ ቁራጭ መሐረብ ነፍስ አተረፈች።

ቅጠሉን እንዴት እንደምትሠራ ልንገርህ። ከውጭ የሚሸጥ አለ፤ አያስፈልግህም። ከገበያ የደረቀ ጦስኝ ግዛ። ከግንዱ ትንሿን ጫፍ፣ ሦስት አራት ቅጠል የያዘችውን፣ በመቆንጠጫ ንቀል። የእንጨት ሙጫ ባርኔጣው ጠርዝ ላይ በመርፌ ጫፍ ጠብ አድርግና ለጥፋት። ለአንድ ሰዓት አትንካት። ስትደርቅ ጥቁር አረንጓዴ ቅባት፤ ጫፏን ብቻ በማር ቢጫ ዳሰስ። ጦርነቱ መስከረም ግድም ስለሆነ ቅጠሉ መጠውለግ የጀመረ ቢመስል አይከፋም። ለሰማያዊው ሬጅመንት 36ቱም ላይ አድርግ፤ ቅጠሉ ግን ለአንዱ በግራ፣ ለአንዱ በቀኝ፣ ለአንዱ ወደ ኋላ ያዘመመ ይሁን። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ነው የሰካው።